የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ

ከጋምቤላ በወጣሁበት ምሽት የባሮ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ያኔ ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ እኔ ዜና እጽፍ ነበር። በአንድ ዜና ሁለት ወገኖች ስለተቆጡብኝ ኒውላንድ ሰፈር ካለው ቤታችን አንድ ቦርሳ ይዤ በጭነት መኪና ወጣሁ። ታላቅ ወንድሜ ኦሞድ እስከ መኪናው ሸኘኝና፣ "ስትደርስ ጻፍልን። የሆነውን ብቻ ጻፍ፣ አታጋንን" አለኝ።

ናይሮቢ ሁለት ዓመት ቆይቼ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ገባሁ። በመጋቢት፣ የጋምቤላ ሰው ጥላ ለጥላ በሚሄድበት ወር፣ የእኔ ጢም በረዶ ይቋጥራል። የሱቁ ዓሣ ጭንቅላት የለውም፤ እንደ ሳሙና አራት ማዕዘን ነው። አከራዬ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ "ዓሣ ትጠብሳለህ?" ብለው ነው።

"አልጠብስም። እቀቅላለሁ።"

"እሱ ይብሳል" አሉ፤ ቁልፉን ግን ሰጡኝ።

ሥራዬ በአንድ ላቦራቶሪ የሙከራ አይጦችን ሳጥን ማጠብ ሆነ። ተመራማሪዋ ዶክተር ሔለን እንዳስረዱኝ፣ ወደ አይጦቹ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ለጥቂት ጊዜ ያግዱታል፤ ኩላሊቱ ይጎዳል። ግሮውዝ ፋክተር የሚሉት፣ ሰውነት ራሱን ለማሳደግና ለመጠገን የሚያመነጨው ነገር አለ። እሱን አስቀድመው የተወጉት አይጦች ጉዳታቸው ይቀላል።

"እነዚህ የተወጉት ናቸው?" አልኳቸው።

"አላውቅም።"

"የወጓቸው እርስዎ አይደሉም?"

"ነኝ። እንዳላውቅ ግን መርፌዎቹን ሌላ ሰው ነው ያዘጋጀው። ካወቅሁ ያየሁትን ሳይሆን የምመኘውን እጽፋለሁ።"

የማያውቅ ባለሥልጣን ብዙ ገጥሞኛል፤ ሆን ብሎ እንዳያውቅ ያደረገ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ግራ እንደተጋባሁ ለቤት ጻፍኩ።

በጋምቤላው ቤተክርስቲያናችን ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ከስብከት በኋላ ለሁሉም ይነበባል። አኙዋውም ኑዌሩም ደገኛውም እንዲሰማው በአማርኛ ጻፍኩት። እንደ ሙያዬ ዋናውን አስቀደምኩ፦ የምሠራበት ላቦራቶሪ ኩላሊትን ከድንገተኛ ጉዳት የሚከላከል ነገር አግኝቷል። አይጥ የሚለው ቃል ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት፣ ያነበቡት ሽማግሌ ሰዓቱ ስላለፈባቸው የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሰው "ሃሌ ሉያ" አሉና ደብዳቤውን አጠፉት።

ከወራት በኋላ እህቴ አሪየት ከቴሌ ደወለች። ኦሞድን ወባ ክፉኛ ይዞት ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል። ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ጽፎለታል፤ አውሮፕላኑ ነገ ነው።

"አልሄድም ብሏል" አለችኝ። "ጉባኤው በሙሉ የአንተን መድኃኒት እየጠበቀ ነው። እሱም እዚሁ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ደግፈን አመጣነው።"

"አቀብይው።"

ኦሞድ ሲተነፍስ ሰማሁት።

"ወንድሜ፣ መድኃኒቱ ገና ነው። የሚሞከረው በአይጥ ነው" አልኩት።

"ለአይጥ ከሠራ እኔን ምን ይለኛል?"

"የሚሰጠው ደግሞ ኩላሊቱ ከመጎዳቱ በፊት ነው።"



"ታዲያ ከመታመሜ በፊት ለምን አልላክህም?"

"ነገ ተሳፈር፣ እባክህ" አልኩት።

"የጻፍከው ውሸት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እሱን ነው ያልገባኝ።"

"እኔም" አልኩት።

መነጋገሪያው ወደ አሪየት ተመለሰ። "ጫማዬን አድርጉልኝ እያለ ነው" አለች።

"ወዴት ሊሄድ? ወደ ቤት ነው ወይስ ወደ አውሮፕላኑ?"

"አልተናገረም። እግሩ አብጧል፤ ጫማው አልገባ ብሎታል።"

"ስልኩን እንዳትዘጊው" አልኳት።