አረንጓዴው ክር

በስፌት አዳራሹ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ጋሽ ቀስታ ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ የጠዋት ብርሃን ቀድሞ ከሚያርፍበት መኪና ላይ ተቀምጦ እጅጌ ይገጥማል። ኪስ ሰፊዋ ኪሷን፣ ኮሌታ ሰፊው ኮሌታውን ጨርሰው የሚያቀብሉት የተማሪ ሸሚዝ ሁሉ መጨረሻ ላይ እሱ ጋ ይደርሳል፤ ደርሶም ይከመራል። የሌሎቻችን መኪና እንደ ዶፍ ሲወርድ፣ የእሱ ግን ዝናብ ካባራ በኋላ እንዳለ የጣራ ጠብታ ነው። ጠብ... ጠብ... ዝም።

«ጋሽ ቀስታ፣ ለልጁ የታዘዘውን ለልጅ ልጁ ልታደርስ ነው እንዴ?» ትለዋለች ከፊት ለፊቱ የምትቀመጠው ኪስ ሰፊ። ከመፍጠኗ የተነሳ ባቡር ነው የምንላት።

«አንቺ ብቻ ሐዲዱን እንዳትስቺ፣ እህቴ» ይላታል፣ ቀና ሳይል ፈገግ ብሎ።

የአዳራሹ አለቃ እትዬ ያስለመዱን አንድ ወግ አለ። እያንዳንዳችን የየራሳችን የክር ቀለም አለን። የሰፋንበት ቦታ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ለባሹ በማያየው ስፍራ አንዲት ቋጠሮ እናስራለን። «እጁ የነካው ሁሉ ይቋጥር፤ ማን እንደደከመበት ጨርቁ ይወቅ» ነበር ያሉን። የባቡር ቀይ፣ የእኔ የኮሌታ ሰፊው ሰማያዊ፣ የጋሽ ቀስታ አረንጓዴ ነው። ሲጀመር እንደ አዲስ ዘፈን አስደስቶን ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ማሰሩ ለመደብን፤ ገልብጦ የሚያይ ጠፋ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ መጣና ክምሩን አየ። «እጅጌ ላይ ፈጣን ሰው ይቀመጥ። ይኼ ሰውዬ በዚህ ሳምንት ይሰናበት» አለ።

ጋሽ ቀስታ ሰምቷል። እናቷ የሞተችባትን አንድ ልጁን የሚያሳድገው በዚያች መኪና ነው። መርፌውን አቁሞ ለአፍታ መስኮቱን አየ። ከዚያ እንደገና ጠብ... ጠብ...

እትዬ ግን «ሰው ከመሸኘቴ በፊት እጁን ልየው» አሉ። እሱ የጨረሳቸውን ሸሚዞች እያነሱ በሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ዘረጓቸው። አረንጓዴው ክር እጅጌው ላይ ብቻ መሆን ነበረበት።

እጅጌው ላይ ብቻ አልነበረም! ከቀዩ ጎን አረንጓዴ። ከእኔ ሰማያዊ ጎን አረንጓዴ። ኮሌታው ሥር፣ ኪሱ አፍ ላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ የሳትነውን ስፌት ፈትቶ፣ አቃንቶ፣ ወጉ ወግ ነውና ቋጥሮበታል። አልደበቀም፤ እኛ ነን ያላየነው። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር የክረምት ሜዳ መሰለ። መኪኖቹ ተራ በተራ ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እንዲህ የሚል ዜማ በውስጤ መጣ፦

የሮጠ ይታያል፣ ይጨበጨብለታል፤
ከኋላ የሚያቃናን ማን ዞሮ ያየዋል?

«ለምን አልነገርከንም?» አሉት እትዬ።

«ቋጥሬዋለሁ እኮ፣ እትዬ።»

ባቡር አፏን በእጇ ያዘች። ከሁሉ የበዛው አረንጓዴ ከእሷ ቀይ አጠገብ ነበር። «እኔ ስከንፍ፣ የጣልኩትን ከኋላ የምትለቅመው አንተ ነህ ለካ!»

«ታዲያ ባቡር ያለ ጣቢያ የት ይቆማል?» አላት። አዳራሹ ሳቅና እንባ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ አንዱን ቋጠሮ በጣቱ ዳሰሰ። «እኔ ያየሁት የክምሩን ከፍታ ነው» አለ በመጨረሻ። «አይሰናበትም። እጅጌውን የሚካፈለው ሰው ጨምሩለት፤ ማቃናቱ ዋና ሥራው ይሁን። አዲስ የሚገባ ሰውም መጀመሪያ ከእሱ ጎን ይቀመጥ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ሲቆም ሸሚዝ ገልብጠን የየሰውን ቋጠሮ እናያለን፤ ያማረውን ስፌት ከነባለቤቱ ጠርተን እናመሰግናለን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሽ ቀስታ ራሱ የገጠመውን እጅጌ ገለበጠ። ከአረንጓዴው ጎን ቀይ ቋጠሮ አገኘ። አንዲት ስፌት አምልጣው ኖሮ፣ ባቡር ቆማ አቃንታለታለች።

ይሰናበት ሲባል ያላለቀሰው ሰው፣ ያን ጊዜ አለቀሰ።