ኢስቫር በምን ይከፍላል?

ዊልሞር የወንድሜን ቅንድብ የተረተረው ኢስቫር በሚባል፣ እናት ያልወለደችው፣ ወረቀት ላይ ብቻ በሚኖር ሰውዬ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ደሙ ጉንጩን አልፎ ደረቱ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ግን ቆሽቴ አረረ። በአክብሮት ማኖንግ የምንላቸው አሰልጣኙ ኪንቲን ቫዝሊን በጣታቸው ዝቀው ቁስሉ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ፤ ወንድሜ ኤልማር ደግሞ በዚያ በተከፈተ ቅንድቡ፣ «ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ የገዛ ፈረሱን በሌላ ስም ጠርቷል ወይስ አልጠራም? መልስልኝ፣ አንተ ደደብ!» እያለ ይጮኻል።

«የደራሲው ስህተት ነው አልኩህ!» ይላል ዊልሞር፣ የራሱን ከንፈር ደም እየተፋ።

«ስህተትስ አንተ ነህ፣ እናትህን ጠይቃት!»

ይሄን ተባብለው እንደገና ተያያዙ። ማኖንግ ኪንቲን መሀል ገብተው አንድ ቡጢ ትከሻቸው ላይ ቀመሱ።

በእኛ የቡጢ ጂም ይህ ሕግ ነው። ጂሙ ጄኔራል ሳንቶስ በሚባለው ከተማችን ውስጥ፣ ከዓሣ ወደቡ ጀርባ ነው ያለው። እኔ በሩ ላይ የቱና ዓሣ መንገጭላ ጠብሼ እሸጣለሁ፤ ውስጥ ያሉት ደግሞ የሰው መንገጭላ ይሰብራሉ። በቃል ያልተፈታ ክርክር ሪንግ ላይ በሦስት ዙር ይፈታል፤ የተሸነፈው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አይልም። «መደባደባቸው ካልቀረ ጓንት አድርገው ይደባደቡ» ብለው ሕጉን ያወጡት ማኖንግ ኪንቲን ናቸው። ድሮ የሚጣሉት በሴትና በካርታ ነበር። ኤልማር እነዚያን እንደ ጡብ የወፈሩ አምስት መጻሕፍት ከአሮጌ ልብስ መሸጫ ገዝቶ ካመጣ ወዲህ ግን ጠቡ ሁሉ በአስማት ሆነ። እሱ እንግሊዝኛውን እያነበበ በእኛ ቋንቋ ይተርክላቸዋል፤ እነሱ የእጅ ፋሻቸውን እየጠመጠሙ ይሰማሉ፤ ከዚያ ይፋጃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጽሐፉ ዓለም ከድንጋይ ውስጥ እሳት የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ እሳቱ ግን በነፃ አይመጣም። አንዱ በጠራ ቁጥር ዓይኑ ይፈዛል፣ አንዷ በአንድ ጀንበር ታረጃለች፣ የሌላው ጣቶች አንድ በአንድ ይደርቃሉ። ጭፍራ ሙሉ አቃጥሎ፣ አመዱን ከልብሱ አራግፎ፣ ራቱን ሊበላ የሚሄደው ኢስቫር ብቻ ነው። ታዲያ ኢስቫር በምን ይከፍላል? ስድስተኛው መጽሐፍ ገና ስላልወጣ ዓለም ሁሉ በየስልኩ የሚጨቃጨቀው በዚህ ነው። ዊልሞር «የአማልክት ደም አለበት፣ አይከፍልም» ባይ ነው። እኔ ዓሣዬን እያገላበጥኩ የማስበው ሌላ ነው። የሚከፍሉለት የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ሚስቱ አንካሳ ሆነች፣ እናቱ ምንም ሳይነካት ሞተች፣ የልብ ጓደኛው አበደ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ኤልማር ደግሞ «በትዝታው ነው የሚከፍለው» ይላል። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ፈረሱን በሌላ ስም ጠራ። አራተኛው ላይ ተወልዶ ያደገበትን መንደር አቋርጦ ሲያልፍ፣ ይህ የማን አገር ነው ብሎ ጠየቀ። አንባቢው ሁሉ ደራሲው ተሳስቶ ነው ብሎ አልፎታል። ኤልማር ግን በቁራጭ የእጅ ፋሻ ምልክት ያደረገባቸውን ገጾች እየገለጠ፣ «እንዲህ ያለ ደራሲ እንዲህ አይሳሳትም። ሰውዬው እየከፈለ መሆኑን ራሱም አያውቅም፤ የረሳውን ነገር እንደረሳው በምን ያውቃል?» ይላል። ይህንኑ በስልኩ ጽፎ ለዓለም ለቀቀው። አንዱ ከሌላው የዓለም ጫፍ «ይሄ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሐሳብ ነው» ብሎ መለሰለት። ኤልማር ስልኩን እንደ ሰው አንገት አንቆ ይዞ፣ «አድራሻህን ላክ! ወንድ ከሆንክ አድራሻህን ላክ!» እያለ ጂሙን ዞረው። ያን ቀን ያገኘው ሰው ሁሉ ነው የተመታው፤ አንዱ ምስኪን ስለ ኢስቫር ሰምቶም የማያውቅ፣ ጎን አጥንቱ ተሰንጥቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

ኤልማር ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም፤ ይሆናል ብሎ ያሰበም የለም። እሱ ሻምፒዮን የሚሆኑት ልጆች የሚለማመዱበት ሰው ነው። ባንኮክም ይሁን ኦሳካ፣ ገና የሚያድግ ጉልበተኛ ሲገኝ ወንድሜን ይጠሩታል፤ ስለማይወድቅ ነው። «ባለ ብረት ራስ» ይሉታል፣ እሱም ይኮራል፤ ምን ያኮራል! ኦሳካ ላይ አፍንጫው ወደ ጉንጩ ተጣሞ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ እስከ መጨረሻው ዙር ቆመ። እኔ በስልክ እያየሁ ነበር። ልጁ በግራ ይነርተዋል፣ በቀኝ ይነርተዋል፣ የወንድሜ ራስ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እግሩ ግን አይንበረከክም። መጨረሻ ላይ ልጁ ራሱ መምታት ሰለቸው መሰለኝ፣ «ኧረ አስቁመው» በሚል ዓይን ዳኛውን አየው። ዳኛው አላስቆመም። ኤልማር አገሩ ገብቶም ደም ሲሸና ሰነበተ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ጂም ገባ።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የጀመረው። በረዶ ግዛልኝ ብዬ ልኬው ባዶ እጁን ተመለሰና «ምን ነበር ያልሽኝ?» አለኝ። አንድ ቀልድ በአንድ ጠዋት ደጋግሞ እንደነገረው ዊልሞር ሹክ አለኝ። እኔ አፌን ሞልቼ «ደክሞት ነው» አልኩ። መጽሐፉን ገጽ በገጽ በቃሉ የሚወጣ ሰው ምን ይረሳል? ፋሲካ ሲቃረብ ግን ከሰል እያራገበልኝ ቀና አለና፣ «ማናንግ፣ እማዬ ለበዓሉ ትመጣለች?» አለኝ። ማናንግ የሚለኝ ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ነው። እናታችንን ከቀበርናት ቆይተናል፤ የሬሳ ሳጥኗን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው። የዓሣ መቆንጠጫው ከእጄ ወደቀ።

«ኤልማር» አልኩት፣ «ኢስቫር በትዝታው ይከፍላል ብለሃል አይደል? ልክ ነህ። አንተም እየከፈልክ ነው።»

ሳቀ። «እኔ ደግሞ የትኛውን ጭፍራ አቃጠልኩ?»

«ቀልዱን ተው! እማዬ ሞታለች። ቅዳሜ አትገጥምም።»

ፊቱ ልውጥ አለ። «መሞቷንማ አውቃለሁ፣ አፌ ነው የተሳሳተው። ፖስተሩ ተለጥፏል፣ ማናንግ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ቅዳሜ የሚገጥመው ከሴቡ ደሴት የሚመጣ ወጣት ነው። ባለፈው የገጠመውን ሰው በቃሬዛ አስወጥቶታል፤ ያ ሰው እስካሁን አፉን ፈትቶ አልተናገረም ይባላል። በቀጥታ ማኖንግ ኪንቲን ዘንድ ገባሁ።

«ማኖንግ፣ ይሞትብናል። ይከልክሉልኝ።»

«ጎረምሳ አይደለም እኮ፣ ክሪሳንታ። ምን ላድርገው፣ ልሰረው?»

«እንግዲያው በሕግዎ ይሁን» አልኩና ከግድግዳው ላይ ጓንት አወረድኩ። «ሦስት ዙር። ካሸነፍኩት ቅዳሜም ይቀራል፣ ቡጢም ለዘላለም ይቀራል። ከተሸነፍኩ ዳግመኛ ትንፍሽ አልልም።»

ጂሙ በሳቅ ፈረሰ። «ማናንግ ክሪሳንታ፣ ዓሣው እያረረ ነው!» አለ ዊልሞር።

«መጀመሪያ አንተን እንዳልጠብስህ!»

ይስቁ። ትከሻዬ ሳይወልቅ በፊት ለክልላችን የተጋጠምኩ ሴት ነኝ፤ ኤልማርን የግራ እጅ አሰነዛዘር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ገመዱን ሾልኬ ስገባ ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ። ራሱን አልነካም፤ ሆዱንና ጎኑን ብቻ ነው የምመታው።

የመጀመሪያውን ዙር ቀለደበት። እጁን ዝቅ አድርጎ ዙሪያዬን ይጨፍራል፣ ምላሱን ያወጣል፣ «ነይ እስቲ፣ አሮጊቷ!» ይላል። ጠጋ አልኩና ጉበቱ ላይ አሳረፍኩበት። ትንፋሹ እንደ ተበሳ ጎማ ወጣ፤ ሳቁም ቆመ። በሁለተኛው ዙር ጎን አጥንቱን ደጋግሜ ነረትኩት። እያለቀስኩ ነው የምመታው፣ አልዋሽም። «በቃኝ በል! በቃኝ በለኝ!» እላለሁ፣ እመታለሁ። ወገቡ ታጠፈ፣ ምራቁ ተዝረከረከ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ባለ ብረት ራሱ ወደቀ! ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ጮኸ፣ ባልዲ ቀጠቀጠ፤ ጫጫታው እንደ ትልቅ ግጥሚያ ቀን ሆነ። ኤልማርን የለወጠው ያ ጫጫታ ይመስለኛል።

ሲነሳ ዓይኑ የወንድሜ ዓይን አልነበረም። ያየኛል፣ ግን የሚያየው እኔን አይደለም። ማኖንግ ኪንቲን «አቁም! ኤልማር፣ አቁም!» ብለው ፎጣ ወረወሩ። የኤልማር ግራ ቅንድቤን ከፈተው፤ ቀኙ አገጬ ሥር ገባ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። በጀርባዬ ተዘረርኩ፣ አፌ በደምና በጥርስ ስባሪ ሞላ። በዚህም አልቆመም፤ ላዬ ላይ ጎንበስ ብሎ መታኝ፣ ደግሞ መታኝ። ዊልሞር በባዶ እጁ ዘሎ ገባ፤ ኤልማር አፍንጫውን በክርኑ አደቀቀለት። ሌሎቹ ተረባርበው የኤልማርን አንገት አንቀው፣ እጁን ጠምዝዘው፣ ገመዱ ላይ ጠፍረው ያዙት። በረዶ የሞላ ባልዲ አናቱ ላይ ደፉበት።

ተንዘፈዘፈ። ዓይኑን አርገበገበ። ዊልሞር ያን ጊዜ አጠገቤ ተንበርክኮ ከወለሉ ሊያነሳኝ እየታገለ ነበር። ኤልማር ዞር አለና አየኝ፤ አሁን እኔን ነው ያየው።

«ማናንግ?» አለ። ድምፁ የልጅነቱ ድምፅ ነበር። «ማናንግ! ማን ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ዙሪያውን ሲቃኝ የዊልሞር እጅ ላይ ደሜን አየ። «አንተ ነህ!» ብሎ ከያዙት ሰዎች አምልጦ ዘለለበት፣ ገመዱ ላይ አጣብቆ ጉሮሮውን በክንዱ ደቆሰው። ያ ነገረኛ ዊልሞር እጁን እንኳ አላነሳም፤ በተሰበረ አፍንጫው ያለቅሳል።

ዝም ብል ቅዳሜ ይገጥማል። ብናገር ይሰበራል። ማሰቢያ ጊዜም አልነበረኝም፣ የዊልሞር ፊት እየጠቆረ ነው። መንገጭላዬን በጓንቴ ደግፌ፣ ደሙን ተፋሁና፣ «አንተ ነህ» አልኩት።

«ምን?»

«አንተ ነህ የመታኸኝ፣ ኤልማር።»

«ውሸት!» አለ። ዊልሞርን ለቀቀው። ማኖንግ ኪንቲንን አያቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። ሌሎቹንም አያቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። ጓንቶቹን አገላብጦ ተመለከታቸው። ከዚያ ሪንጉ መሀል ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ክሩን በጥርሱ እየነከሰ ፈታ፣ ጓንቶቹን ጣለ፣ ከዚያ ወዲህ አጥልቋቸው አያውቅም። ቅዳሜ የሴቡው ልጅ ሌላ ሰው ገጠመ። ምን እንዳደረሰበት አልጠየቅሁም።

አሁን ከእኔ ጋር ይሠራል። ዓሣ ያጥባል፣ ጠረጴዛ ይወለውላል፣ ደንበኛ ያጫውታል። ዊልሞር በምሳ ሰዓት እየመጣ ይከራከረዋል፤ በአፍ ብቻ ነው። የእኔ መንገጭላ በሽቦ ታስሮ ዳነ፣ ግን ተጣሞ ነው የዳነው፤ ከሩቅ ይታያል። አንዳንድ ጠዋት ኤልማር ሥራውን ያቆምና ትክ ብሎ ያየኛል። ፊቱ በንዴት ይቀላል።

«ማናንግ፣ ማን ነው የመታሽ? ንገሪኝ፣ እገድለዋለሁ!»

መጀመሪያ መጀመሪያ እውነቱን እነግረው ነበር። አንድ ጊዜ ነግሬው የሚያበቃ ቢሆን ምን ነበረበት! በነገርኩት ቁጥር አዲስ ነው የሚሆንበት። ራሱን ከምሰሶው ጋር ያጋጫል፣ ያንን ራስ! እጄን ይዞ እስኪመሽ ያለቅሳል፤ በማግስቱ ይረሳዋል፤ ሰንበት ብሎ ደግሞ ይጠይቀኛል። አንጀቴ አልቻለም። አሁን «ወደቅኩ» ነው የምለው።

«ወለሉ በዓሣ ውኃ ያዳልጣል እኮ!» ብሎ ይቆጣኛል። «ተጠንቀቂ እንጂ፣ ማናንግ። አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚብኝ ማን አለኝ?»

«እሺ» እለዋለሁ።