መትፋት ነውር ነበር

ይህ ነገር እኔን ያስወጣኝ የአረቄ ንግዴን፣ አራት ቅል ቅቤ፣ ወደ ባሕር ዳር ሁለት ምልልስና ሚስቴን ቀና ብዬ የማይበትን ዓይን ነው። ልጄ የከፈለችው ሌላ ነው። እሱን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ነጋዴ ትልቁን ዕዳ ቀድሞ አይናገርም።

ወረታ ላይ አረቄ እነግድ ነበር። ፎገራ ሩዝ ከለመደ ወዲህ አረቄውም የሩዝ ሆኗል። የገጠር ሴቶች ከወፍጮ የተረፈውን ስብርባሪ ሩዝ ደፍድፈው ያወጡትን አረቄ በጀሪካን ተሸክመው በገበያ ቀን ደጄ ይደርሳሉ፤ እኔ ገዝቼ ወደ አንበሳሜና ወደ ደብረ ታቦር በሚሄዱ መኪኖች እጭናለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ችግሩ ውሃ ነው። ፎገራ ውሃ ቸግሮት አያውቅም፤ ክረምት ሜዳውን ይሞላል፣ ከሜዳው የተረፈው ጀሪካን ውስጥ ይገባል።

የኔ ምላስ ድንጋይ ነው። በክብሪት ለኩሼ ባይም እሳቱ የሚነግረኝ ግማሹን ነው። የሚስቴ ምላስ ግን አይሳሳትም። ከበሩ ጎን በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ከእያንዳንዱ ጀሪካን በመለኪያ ይቀዳላታል፤ ትቀምሳለች። ራሷን ከነቀነቀች እገዛለሁ፤ ሻሿን ካስተካከለች ዋጋ እሰብራለሁ። ሻጮቹ ይህን ምልክት እስከ ዛሬ አያውቁትም።

ልጃችንን ባረገዘች በሦስተኛው ወር ጠረኑ ያቅለሸልሻት ጀመር።

«ልቅመሰውና ልትፋው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ያገሬን ሕግ ማስረዳት አለብኝ። አንዲት ሴት ያወጣችውን አረቄ ፊቷ ቀምሶ መትፋት፣ ገበያ መሃል «አበላሽተሻል» ብሎ ከመጮህ አያንስም። የተተፋባት ሴት ጀሪካኗን አንስታ ትሄዳለች፤ ብቻዋንም አትሄድ፣ የጎጡን ሴት ሁሉ ይዛ ነው።

«ትፊና ደንበኛ አሳጪኝ» አልኋት።

«ታዲያ ሆዴስ?»

«ጠላ ያልጠጣች እርጉዝ አይተሽ ታውቂያለሽ? እናቴ እኔን ስታረግዝ ከጋኑ ሥር አልተነሣችም።»

«አንተን አይቼ ነዋ የምፈራው።»

ሳቅን። ዋጠችው። እስክትወልድ ድረስ በየገበያው ቀን ዋጠችው፤ አንዳንድ ቀን ከአሥር ጀሪካን፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ።

ልጅቱ አንሳ ተወለደች። ዘግይታ ዳኸች፣ ዘግይታ ተናገረች። ሚስቴ «ዓይን ነው» ብላ ወንዛዬ ፍል ውሃ አመላለሰቻት፤ ቆዳዋ ጠራ እንጂ ሌላ የተለወጠ የለም። ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሳ ፊደል አልይዝ ስትል አስተማሪዋ ጠርቶ «ሐኪም ይያት» አለኝ።

ባሕር ዳር ያየቻት ሐኪም ወጣት ናት። የልጅቱን ፊት አስተውላ አየች፣ ጭንቅላቷን በሜትር ለካች፤ ከዚያ እናትና ልጅን ደጅ አስቀምጣ፣

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ በእርግዝናቸው ጊዜ መጠጥ ይቀምሱ ነበር?» አለችኝ።

«ሲቀምሱማ፣ ሙያቸው ነው» አልኋት።

አልሳቀችም። ወረቀት ላይ ክብ ክብ እየሣለች አስረዳችኝ። የፅንስ አንጎል ሲሠራ እያንዳንዱ ሕዋስ ዙሪያውን ግድግዳ ያቆማል፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝበትን ክርም ይዘረጋል። ለዚህ ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ ያስፈልገዋል፤ በልኩ፣ አንሶም በዝቶም አይሆንም። አልኮል ፅንሱ ጋ ሲደርስ ያንን ልክ ያዛባዋል፤ ስቡ ከሕዋሱ እየወጣ ይሄዳል።

«የልጅቱ ችግር ከዚህ ብቻ ነው ብዬ አልምልልዎም» አለች። «አልኮል የሚያበላሸው ብዙ ነው፤ ይህ አንዱ መንገድ ነው።»

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝሁት አንድ ቃል ነው። ኮሌስትሮልን አውቀዋለሁ፤ የከተማችን ሀብታሞች ጮማ የሚከለከሉበት ነገር ነው። ለነሱ የተረፈው ለልጄ ከጎደለ መድኃኒቱ ምኑ ይጠፋል? የጎደለ ዕቃ ይገዛል። ሐኪሟ ስለ ልዩ ትምህርትና ስለ ትዕግሥት ስትነግረኝ እኔ በልቤ የቅቤ ዋጋ እየተከራከርሁ ነበር።

ለሚስቴ «ቅባት ጎድሏት ነው ተባለ» አልኋት። ሌላ አልጨመርሁም። ደስ አላት። ጠዋት ጠዋት ቅቤ እያቀለጠች በማንኪያ ታጠጣት ጀመር። ልጅቱ አፏን ትዘጋለች፤ እናቷ «ዋጥ አድርጊው የኔ እናት፣ ዋጥ» ትላታለች። ያን ጊዜ እኔ ወደ ደጅ እወጣለሁ።

አራተኛው ቅል ሲጋመስ ልጅቱ ወፈረች፣ ሆዷን ታመመች፤ ትምህርቷ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ብቻዬን ተመልሼ ሄድሁ። ስለ ቅቤው ስነግራት ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አንጎል ኮሌስትሮሉን ራሱ፣ እዚያው ነው የሚሠራው። በአፍ የገባው እዚያ አይደርስም።»

«በሌላ በርስ?»

«በር የለውም፣ ጋሼ። ጊዜውም ያኔ ነበር፣ ሆድ ውስጥ ሳለች።»

«መርፌም ቢሆን እገዛለሁ።»

«ቢኖር አልነፍግዎትም ነበር።»

በንግድ ዕድሜዬ በምንም ዋጋ የማይገዛ ዕቃ ሲገጥመኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት ስገባ ሚስቴ ማንኪያውን ይዛ ደረስሁባት።

«ተይው፤ አይደርስላትም አሉ» አልኋት።

«ምነው? ለመሆኑ ከምን ጎደላት?»

ይህን ጥያቄ ለወራት ስፈራው ኖሬያለሁ።

«ከአረቄው ነው።»

ማንኪያውን አልጣለችም። ቅቤውን መልሳ ቅሉ ውስጥ ገለበጠችው፤ ማንኪያውን በጨርቅ ጠረገችው።

«ጠጥቼ ነው በለኛ።»

«አጠጥቼ ነው።»

የቅሉን አፍ ከደነች። ከዚያ፣

«ከዚያ ሁሉ ጀሪካን ግማሹ ውሃ የጨመሩበት ነበር» አለች። «መትፋት ነበረብኝ።»

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

አረቄውን ተውሁት። ሴቶቹ ሌላ ገዢ አገኙ። ከነሱ አንዷ ሆዷ ገፍቶ ጀሪካን ተሸክማ ሳያት ጠርቼ የሆነውን ነገርኋት።

«አንቱ፣ ጠገቡና አረቄ ተጠየፉ» ብላኝ ሄደች።

አሁን ሩዝ ብቻ እሸጣለሁ። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ በጣሳ ትሰፍራለች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆም ትልና እንደገና «አንድ» ብላ ትጀምራለች። ከገዢዎቹ አንዳንዶቹ ያርሟታል፤ አንዳንዶቹ ዝም ብለው ዘንቢላቸውን ይዘረጋሉ። ማን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አልናገራቸውም፤ እኔም ዝም ብዬ ያተረፍሁበት ጊዜ ነበር።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እስከ ሰባት ትቆጥራለች።