ከዓረብኛው ኪቦርድ ያወጣሁት ወረቀት

ካርቱም ገና ሰላም በነበረች ጊዜ፣ እናቴን ለዓይን ሕክምና ይዤ ከአሶሳ በድንበሯ ኩርሙክ በኩል ወደዚያ ሄድኩ። ሐኪሙ መረመራትና ከዚህ በፊት አገር ቤት የታከመችበትን ወረቀት ሳያይ ዓይኗን እንደማይነካ ተናገረ። ወረቀቱ አሶሳ አጠገብ ሆሞሻ፣ ቤታችን ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። እስከ ማግስቱ ቀትር ካላመጣን ስሟ ከቀዶ ሕክምናው ተራ ይሰረዛል። ሌላ ተራ እስክታገኝ ዓይኗ እንደሚጠፋም አልደበቀንም።

ለወንድሜ ደወልኩለት። ወረቀቱን ይዞ አሶሳ እኔ አጸዳበት ወደነበረው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄደ። ባለቤቱ ድሮ ኢሜይል ከፍቶልኝ ስለነበር፣ ወረቀቱን በዚያው ላከልኝ። የእኔ ስልክ ኢንተርኔት አያውቅም። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት እናቴን እጇን ይዤ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ።

ውስጡ ወንዶች ብቻ ነበሩ። እኔ ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ መሬት መሬት የማይ፣ ስስቅም አፌን በእጄ የምሸፍን ሰው ነኝ። የቤቱ ሰውዬ አየንና፣ «ሻይ የሚሸጠው ከማዶ ነው» አለ፤ በዚያ ከተማ ሻይ የሚያፈሉ ሐበሾች ብዙ ናቸው። እናቴ በወጣትነቷ እዚያው ሱዳን ደማዚን ገበያ ስትነግድ ስለኖረች ዓረብኛው አይቸግራትም።

«ሻይ ካማረህ አንተ ተሻገር፤ የእኔ ልጅ ሥራ አላት» አለችው።

የተቀመጡት ሳቁበት። እሱም እየሳቀ፣ «እሺ ሐጃ» ብሎ ወንበር ሰጠን፤ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮልኝም ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ።

ቀና ብዬ ኪቦርዱን ሳይ ደነገጥኩ። በየቁልፉ ላይ የዓረብኛ ፊደል ተለጥፎበታል፤ የእንግሊዝኛው ከሥር ተሸፍኖ አይታይም።

የአሶሳ ቀይ አቧራ በበጋ የማይገባበት የለም። ጽሕፈት ቤት ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጥጥ እጠርግ ነበር። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ፣ የማውቀው እንዳይጠፋብኝ እየጠረግኩ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን በተደረደሩበት ተራ እጠራቸዋለሁ፤ ልክ ቁርኣን ቤት እንደምንቀራው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል በቃሌ ያዝኳቸው። አሁንም በሹክሹክታ እየቀራሁ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ አድራሻዬን መጻፍ ጀመርኩ። የወጣው ግን እርስ በርሱ የማይገናኝ ነገር ነው። ደገምኩት፤ ያው ነው።

ቆም ብዬ እጄን አየሁት። ጣቴ መቁጠር የጀመረው ከቀኝ ነበር! ዓረብኛ ፊደል ሲያይ ቁርኣን ቤት እንደለመደው ከቀኝ ተነሣ። የተቀየረው ከላይ የተለጠፈው ነው እንጂ ቁልፎቹ ከቦታቸው አልሄዱም። ከግራ ጀመርኩ፤ አድራሻዬ ፊደል በፊደል እየተደረደረ መጣ።

ፓስወርዱ ግን በነጥብ ብቻ ስለሚታይ፣ ብሳሳትም አላይም። ስጨርስ ስህተት ነው አለኝ። ሰውዬው ከኋላዬ መጥቶ፣ ተነሺ፣ ማታ የሚያውቅ ሰው ይመጣል አለ። እናቴ በቋንቋችን በበርታኛ፣ «ቀትር ደረሰ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ፀሐዩ የት እንደደረሰ እንኳ ለይታ ማየት አቅቷት ነበር።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አልኩት በዓረብኛ። በዚያ ከተማ ለማላውቀው ወንድ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ነው። ድምፄ ለእኔም ጎልቶ ተሰማኝ።

ሰውዬው ከኋላዬ ቆሞ ጠበቀ። ስቸኩል አንድ ቁልፍ ዘልዬ ይሆናል ብዬ፣ አሁን እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ እየቆጠርኩ ነካሁ። ተከፈተ። የእናቴ ወረቀት ከነእጥፋቱ፣ ጠርዙ ላይ ከተጋባበት የሣጥን ዝገት ጋር ስክሪኑን ሞልቶ መጣ።

«አትምልኝ» አልኩት፤ ዞሬም ዓይኑን አየሁት።

ወረቀቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ሆስፒታል ደረስን። ነርሷ አንብባ ፋይሉ ውስጥ ከተተችው፤ እናቴንም ለነገ የመጀመሪያዋ ብላ መዘገበቻት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው ሲነሣ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ነበር። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘችኝ።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ? እህል አይሰጡም እንዴ እዚህ አገር?» አለች።

በሰው በተሞላው ክፍል ውስጥ አፌን ሳልሸፍን ሳቅሁ።