በልብስ መቆንጠጫ ልክ

የእንጨት ልብስ መቆንጠጫ ስምንት ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ጨርቅ ቆራጯ ሥራውን የጀመረችው ከዚህ ነው። መቆንጠጫው ሰው ከሆነ የእውነቱ አንድ ሜትር እዚህ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የቀረውን ሁሉ በዚሁ ለካችው። የተቃጠለው የልብስ ስፌት ቤት ዐሥራ አንድ ሜትር ከሃያ በስድስት ስለነበር፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጣ ኀምሳ ስድስት በሠላሳ ሴንቲ የሆነ ወለል በወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። የክብሪት ቀፎ የስፌት መኪና ሆነ። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ የጣሪያ መብራት፣ የውኃ ፕላስቲክ የመስኮት መስታወት፣ ስፒል ደግሞ የመስኮቱ ብረት ሆነ።

ሃያ አንድ ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ ልክ ስታ አታውቅም። ባልደረቦቿ «ሜትሯ» ይሏታል፤ ከእናቷ ሆድ ሜትር አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነው የወጣችው እያሉ ያሟታል።

እሳቱ የተነሣ ዕለት ናሙና ልታደርስ ወጥታ ነበር። እሳቱ ከፊት በር አጠገብ ካለው የመብራት ቆጣሪ ተነሥቶ መውጫውን ያዘው። ወደ ኋላው በር የሮጡት ሰባቱ እዚያው ቀሩ። አንዷ ታናሽ እህቷ ሚጡ ነበረች። ሥራ ያስገባቻት ቆራጯ ራሷ ናት።

የስፌት ቤቱ ባለቤት የኋላው በር ክፍት ነበር ይላል። የሟች ቤተሰቦች ቁልፉ ከኪሱ ወጥቶ አያውቅም ይላሉ። ፍርስራሹ በሦስተኛው ቀን ተጠርጎ ስለተጣለ ሄዶ የሚታይ በር የለም። ቤተሰቦቹ ቦታውን ለአጣሪ ኮሚቴው እንድታስረዳላቸው ቆራጯን መረጡ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢው ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን ሥለው «በሩ የቱ ጋ ነው?» ሲሏት ማሳየት አቃታት። መቆንጠጫ መልቀም የጀመረችው በማግስቱ ነው።

«እኔ ልጄን ቀብሬ፣ አንቺ አሻንጉሊት አማረሽ?» አሉ እናቷ። በሳምንቱ ግን ከሚጡ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት ጫፉን ቀደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። ሚጡ የሆነችውን መቆንጠጫ በዚያ አለበሰቻት።

ሁለተኛው ስብሰባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ተኳሹ መጣ። በፊት በር እሳቱን ጥሶ ያመለጠ ሰው ነው፤ ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እኔ የቱ ነኝ?»

«ካውያው አጠገብ ያለኸው።»

«ይሄ? ምነው ሜትሯ፣ ያን ሁሉ ቁመቴን የት ጣልሽው?»

«መቆንጠጫ ሁሉ እኩል ነው። ደግሞ ስትተኩስ ትጎብጣለህ።»

ሳቀና ወዲያው ዋጥ አደረገው። ማን የት እንደነበረ በፋሻው ጫፍ እያመለከተ ነገራት፤ እሷም አንድ በአንድ አቆመቻቸው።

በመጨረሻ ትንንሾቹን ዕቃዎች ባስቀመጠችበት ሰሐን ላይ ሠላሳ የጨርቅ ጥቅልል ቀረ። እሳቱ በተነሣ ዕለት ጠዋት የጭነት መኪና አራግፎት ፈርማ የተረከበችው ነው፤ ብጣሽ ጨርቅ በስትሮ ላይ እየጠቀለለች ሠርታዋለች። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር እንዳታስገባው ቦታው በቁርጥራጭ ከረጢት ተሞልቷል። የስፌት መኪናዎቹ መሀል ስታደርገው መተላለፊያው ተዘጋ። መተላለፊያዋን ደግሞ ታውቃለች፤ አንድ ካርቶን ቢቀመጥባት ቤቱን ታተራምሰው ነበር። ጥቅልሎቹን አቁማ በኋላው በር ፊት ስትደረድራቸው ልክክ ብለው ገቡ።

እጇ እዚያው ቀረ።

«እኔ ነኝ። ከመንገዴ ላይ አንሡልኝ፣ በሩ ላይ ደርድሩት ብዬ ነው የወጣሁት» አለች።

ተኳሹ ቀና አላለም።

«ታውቅ ነበር?»

«የተሸከምኩት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበልሽ? ሚጡ ጥቅልሎቹን ስትጎትት ነበር… ሦስቱን ጥላቸዋለች። ከዚያ ጭሱ ጋረደኝ።» ወደ ትንንሾቹ ጥቅልሎች በፋሻው እየጠቆመ፣ «ስሚኝ፣ እነዚህን ጣያቸው። ባለቤቱ በዚህ ነው የሚያመልጠው» አለ።

«ክፍሉ ልክ አይሆንማ።»

«አሁንም ልክ ትያለሽ!»

ሙጫውን ከፈተች። ሠላሳውን ለጥፋ ስትጨርስ፣ የሟቾቹን ሰባት መቆንጠጫዎች ከየቦታቸው አንሥታ ጥቅልሎቹ ፊት አጣበቀች።

እናቷ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል። መጡና ሰማያዊዋን መቆንጠጫ ከነሙጫዋ ነቀሉ፤ በመዳፋቸው ጨብጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ ልጃቸውን አላናገሩም።

ማክሰኞ ክፍሉን በአንሶላ ሸፍና ወስዳ ኮሚቴው ፊት ገለጠችው። የባለቤቱ ጠበቃ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፊቱ በራ።

«በሩ ላይ የተደረደረው ምንድን ነው?»

«ጨርቅ።»

«ማን አስደረደረው?»

«እኔ።»

ከቤተሰቦቹ ወንበር አንዲት ሴት «ወይኔ!» ስትል ተሰማ። ጠበቃው ረክቶ ሊቀመጥ ሲል ሰብሳቢው ጠየቁ፦

«እንዴት ሰው መውጫ በር ላይ ዕቃ ያስደረድራል?»

«እዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ» አለች። «አንድ ቀን ተከፍቶ አላየሁትም። ለእኔ ግድግዳ ነበር። በር መሆኑ ትዝ ቢለኝ፣ እህቴ ባለችበት ቤት እንደዚያ አደርግ ነበር?»

ጠበቃው ቆሞ ቀረ። ጸሐፊዋ የተባለውን ጻፈች። ሰብሳቢው በእስክሪብቷቸው ጫፍ በጥቅልሎቹ ፊት የቆሙትን ቆጠሩ፤ ደግመውም ቆጠሩ።

«መዝገቡ ሰባት ሰዎች ይላል። እዚህ ስድስት ናቸው።»

«አንዷ እናቷ ጋ ናት» አለች ሜትሯ። «ቦታዋ ግን ይኼ ነው።» ጣቷን በደረቀው ሙጫ ላይ አሳረፈች።