ሙሽራና የስፌት መኪና ጭኖ በቡልሃር አሸዋ

ጎህ ሲቀድ፣ ሃርጌሳ

በጦርነቱ ከፈረሱት የ26 ጁን ሰፈር ቤቶች ግማሾቹ ዛሬም ጣሪያ የላቸውም። ከቀሩት አንዳንዶቹን ቆርቆሮ ያለበስኳቸው እኔ ነኝና በዚያ ሳልፍ ትንሽ ብንቀባረር አይፈረድብኝም። ዛሬ ግን መዶሻዬን ትቼ ሞተር ላይ ነኝ። ከኋላዬ ጓደኛዬ ጀማል ተቀምጧል፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ፣ የዛሬ ሙሽራ። ሽቶውን ተቀብቶ ተቀብቶ የቤንዚኑን ሽታ አስረስቶናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽሪት ሐዋ ስፌት የተማረችው ከጀማል ሱቅ ነው፤ አማርኛውንም እዚያው ለቅማለች። አባቷ ባሕር ጠረፍ ላይ፣ ቡልሃር የሚኖሩ የሸራ ጀልባ አዛዥ ናቸው። ኃይለኛው ነፋስ ባሕሩን ሳይዘጋው፣ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ወደ ኤደን ይነሳሉ። "ወኪል አልወክልም፤ ልጄን የሚወስደውን ሰው ዓይኑን ማየት አለብኝ" ብለዋል። ከዘገየን የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ፣ ባሕሩ እስኪከፈት ወራት ይጠብቃል። የኛ ሙሽራ ደግሞ አዲስ ለሚከፈት ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሲሰፋ አምሽቶ ወደ ቡልሃር የሚወርደው የጭነት መኪና ጥሎት ሄዷል!

ለሙሽሪት የሚሰጣት መህርም ወርቅ አይደለም። ሐዋ የጠየቀችው በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ነው፤ ብረት በብረት።

"የት እናስረው?" አለ ጀማል።

"ከፊት፣ መሪው ላይ። ደሴ ዳገት ላይ ፊቱ የቀለለ ሞተር ይገለበጣል።"

"ኧረ ጌቾ፣ እዚህ ዳገቱ የታለ?"

"አንተ ስፌትህን ስፋ!"

ሙሽራ እንዳይንገላታ ብዬ ንዝረት የሚውጠውን የፊቱን አሞርዛቶር ዘይት ቀንሼ አለስልሼዋለሁ። ጎማውንም ለደሴ ድንጋይ እንደለመድኩት ጥርቅም አድርጌ ነፍቼዋለሁ።

ረፋድ፣ ቁልቁለቱ

ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ የሀገሬ ነው። ሞተሩ እንደ ሶፋ ይዞን ይወርዳል፣ እኔም አፌ አላርፍ ብሏል። አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት ላሖህ የሚሉትን ስስ እንጀራ በማርና የግመል ወተት ሻይ አቀረበችልን። ጀማል እጁን ኪሱ ሲከት "ሙሽራ አይከፍልም" ብላ ተቆጣች። እኔም ለጊዜው ሙሽራ ብሆን ደስ ባለኝ።

ቀትር፣ ደረቁ ወንዝ

ከተራራው እንደወረድን አሸዋ ተቀበለን። የፊት ጎማው ገና ሲነካው ጥርሱን ነክሶ ወደ ታች ገባ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ፍሬን ያዝኩ። ሦስታችንም፣ የስፌት መኪናዋን ጨምሮ፣ አሸዋ ላይ ተዘረርን። ተነሳን፤ ወደቅን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ያው እኛ ነን።

"መኪናዋን እዚህ እንተዋት፣ በኋላ ትመጣለች" አልኩ።

ጀማል ከአሸዋው ላይ አነሳትና በሽርጡ ጠረጋት። "ወላሂ፣ እሷን ከምተው እኔን ተወኝ" አለ። ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር። ያን ጊዜ የቀልድ ሐሞቴ ፈሰሰ።

ግራር ስር፣ ወደ ሃርጌሳ የሚወጣ ፍየል የጫነ የጭነት መኪና ቆሟል። ሾፌሩ ኢልሚ በጦርነቱ ጊዜ ጅጅጋ በኩል ተሰዶ አማርኛ ያወቀ ሰው ነው። ምሳውን እየበላ ሲያየን ቆይቷል።

"ወንድሞቼ፣ ጉዞ ነው ወይስ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ?"

መጥቶ የፊቱን አሞርዛቶር በእጁ ጫነው፤ እስከ ታች ሰመጠ። "ይሄ ፍራሽ ነው! ፍራሹ ላይ ደግሞ ብረት ጭናችኋል። ፊቱ ካልቀለለ አሸዋ ይውጠዋል።"

"ደሴ ላይ እኮ..." ስል ጀማል "ደሴን ተዋት፣ በአላህ!" አለኝ።

ኢልሚ ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ሰጠን። ከላይ ክዳኑን ፈትተን ጨመርንበት፤ አሞርዛቶሩ ጠንከር አለ። ጎማውን እስኪላላ አስተነፈስነው። መኪናዋን ለማሰር ከኋላ ቦታ ስላልነበረ ጀማል በነጠላ አዘላት። የዛሬው ሙሽራ መህሩን እንደ ሕፃን አዝሎ ሲቆም ፍየሎቹ ሳይቀሩ አዩት።

"አሁን ወደ ኋላ ሸሸት በሉ" አለ ኢልሚ። "ሲዋልል ፍሬን እንዳትይዝ፣ ነዳጅ ስጠው። ጎማህን አትይ፣ ሩቁን እይ።"

ነዳጅ ሰጠሁት። መሪው በእጄ ትንሽ ዋለለ እንጂ ፊቱ አልገባም፤ አሸዋው ላይ ተንሳፈፍን። ጀማል ከኋላዬ "ማሻአላህ!" እያለ ጮኸ። እኔም "በእመቤቴ!" እያልኩ ጮህኩ።

አስር ሶላት አልፎ፣ ቡልሃር

ሶላቱ አልቋል። መርከበኞቹ ሸራውን እየፈቱ ይጣራሉ። አባትየው ሽርጣቸውን ሰብስበው እግራቸውን ውኃው ውስጥ ከተዋል። ዞር ሲሉ አሸዋ የለበሰ፣ ብረት ያዘለ ሰው አዩ። ተመልሰው መጡና የጀማልን ዓይን አተኩረው አዩት።

ባሕሩ ዳር ስትጠብቅ የነበረችው ሐዋ መኪናዋን ተቀብላ እጀታዋን አዞረች። መኪናዋ ቂጭጭ አለችና ቆመች። የጣልኳት እኔ ነኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ ሽማግሌ "የማይሠራ መህር መህር ይባላል?" ብለው አጉረመረሙ። አባትየው ባሕሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

ሐዋ አሸዋውን ከእጇ አራገፈች። ለአባቷ በሶማልኛ ተናገረች፣ ለኛም እንዲገባን በአማርኛ ደገመችው።

"አሸዋውን እኔ አወጣዋለሁ። ነፋሱ ግን አባቴን አይጠብቅም። ኒካሁን እሰሩልን።"

እዚያው ውኃው ዳር ታሰረ። አባትየው የጀማልን ትከሻ መታ አድርገው ወደ ጀልባው ገቡ። ሐዋ ቀጥ ብላ ቆማ እጇን አወዛወዘችላቸው። ያለቀስነው እኔና ጀማል ነን።