የአንሙት ነብር

አንሙት ነብሩን ገድሎ ደብቆት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። እሱ ግን መደበቅ የሚባል ነገር ከየት ያውቃል! ከደብረ ኤልያስ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነው። በዚያ አገር በደጉ ጊዜ ነብር የገደለ ሰው ቆዳውን ተሸክሞ ለገዢው ያሳይ፣ አናቱን ቅቤ ይቀባ፣ ሠርግ ላይ ከፊት ይቀመጥ ነበር። አባቱም ገዳይ ነበሩ። ልጅየው ግን ጎልምሶም ቀበሮ እንኳ አልጣለም፤ ጠላ ቤት ውስጥ «አንሙት የአባቱን ጠመንጃ ለዝገት ያሳድጋል» እያሉ ይስቁበታል። ይህ ሳቅ ውስጡን በልቶት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነብር ከበረቱ ጊደር ወሰደበት። አንሙት በማግስቱ ፈለጉን ተከትሎ ገደል ሥር አገኘውና በአባቱ ምንሽር ጠመንጃ ጣለው። እንዴት ያለ ነብር መሰላችሁ! ቆዳው ሲዘረጋ የቤት በር ያህላል።

ሚስቱ እቴናት ቅቤ እየቀባችው፣ «አንተ ሰው፣ አራዊት አትግደሉ የሚል አዋጅ ወጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችው።

«እሱ ለሚዳቋና ለድኩላ ነው። መንግሥት ጊደሬን ለበላ ነብር አዋጅ ያወጣል? ይልቅ ቅቤውን ጨምሪ!»

በገበያ ቀን ቆዳውን ትከሻው ላይ ጥሎ እየሸለለ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ወጣ። ገበያተኛው እልል እያለ ተከተለው። የዱር እንስሳት ባለሙያዋ መክሊት ከቢሮዋ ወጥታ ስታየው ክው አለች።

«ማን ገደለው?»

«እኔ አንሙት ነኛ! የኔ እመቤት፣ ሽልማቱን አንቺ ትሰጭኛለሽ ወይስ አለቃሽን ልጠብቅ?»

«ጋሼ፣ ነብር መግደል እኮ ወንጀል ነው።»

አንዱ ከሰዉ መካከል፣ «ጊደር መብላትስ? እስቲ ነብሩን ጠይቂልን!» ብሎ አሳቀ።

ፖሊሱ መጥቶ ክንዱን ሲይዘው አንሙት ለሽልማት የሚወስዱት መስሎት ለሕዝቡ እጁን አወዛወዘ።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው፣ «አዋጁን አታውቅም ነበር?» አሉት።

«ጌታዬ፣ ባውቅ ኖሮ እየሸለልኩ እመጣ ነበር?»

አለማወቅ ግን ከቅጣት አያድንም። ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ ቆዳውም የአባቱ ጠመንጃም ተወረሰ። ደብረ ማርቆስ ታስሮ ሳለ እቴናት መሬቱን ምርቱን ለሚካፈላት እኩል አራሽ ሰጠች፣ ክረምቱንም በእህቷ ቤት አሳለፈችው። ሲወጣ ደረቱን ያፍነዋል። በጠላ ቤት ማንም አልሳቀበትም፤ ገዳይ ብሎ የጠራውም የለም። ሲገባ ወሬው ይቋረጣል፣ እሱም መግባቱን ተወ።

በተፈታበት ዓመት ሌላ ነብር ወደ መንደሩ ወጣ። ጎረቤቶቹ በሞተች ፍየል ላይ መርዝ ነስንሰው ገደሉትና ከነቆዳው ማሽላ እርሻ ውስጥ ቀበሩት። ጉድጓዱን የቆፈረው አንሙት ነው። ማንም አላዘዘውም።

በሳምንቱ መክሊት መጣች። ነብር የሚኖርበትን ገደል አጥንታ ጥብቅ ቦታ ልታስከልል ነው።

«ጋሼ አንሙት፣ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እዚህ ነብር አለ?»

«አላየሁም።»

«ፈለጉንስ?»

«አላየሁም አልኩሽ፣ የኔ እመቤት።»

መክሊት «ነብር የለም» ብላ መዝገቧ ላይ ጻፈች፤ አመስግናውም ወደ ሌላው ጎጥ አለፈች።